የሚስ ኦዴል የለቅሶ ዶሮ

አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሚስ ኦዴል ያልደረሱበት ቀብር የለም። ሟቹን ባያውቁት እንኳ ጥቁር ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ አንድ ሳህን ሙሉ የተጠበሰ ዶሮ ይዘው ከች ይላሉ። ሲያለቅሱማ የሟች ሚስት ራሷ አፍራ ዝም ትላለች።

አንድ በጋ፣ ያገሩ ሰው የጻፈውን ልቦለድ ፊልም ሊያደርጉ ከሆሊውድ የመጡ ሰዎች ለቀብሩ ትዕይንት አልቃሽ ፈለጉ። ሚስ ኦዴል ዶሮ አምጡ ያላቸው ሳይኖር ዶሯቸውን ይዘው ቀረቡ። ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር ለቅሶውን ቢያቀልጡት፣ ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሳይቀር እንባውን በክንዱ ጠረገ።

«ግሩም ነው እሜቴ፤ አሁን አንዴ እንድገመው» አለ ዳይሬክተሩ።

«ምነው፣ ሌላ ሰው ሞተ?»

«የለም፣ ያው ሰውዬ ነው።»

«ለአንድ ሰው አንዴ ነው የማለቅሰው። ሁለተኛ ከፈለግህ ሌላ ግደል።»

ዳይሬክተሩ እሺ ከማለት በቀር ምን ያድርግ። ምሳ ሰዓት ላይ ሟቹን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ከሬሳ ሳጥኑ ወጣና እጁን ወደ ዶሮው ሰደደ። ሚስ ኦዴል እጁን በማራገቢያቸው ቸብ አደረጉት።

«ይሄ የለቀስተኛ ነው። አንተን ጠዋት ቀብሬሃለሁ።»

«እሜቴ፣ እኔ እኮ ተዋናይ ነኝ፤ ደግሞ ርቦኛል።»

«ሬሳ አይርበውም።»

ፊልሙ በከተማዋ ሲኒማ ቤት የታየ ዕለት፣ ሟቹ ሰውዬ በታሪኩ ገና ሳይሞት ፈረስ ላይ ሆኖ ሲስቅ ሸራው ላይ ብቅ አለ። ሚስ ኦዴል ከፊት ወንበር አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ «ሳቅ፣ ሳቅ» አሉት፤ «ዶሮዋን እንደሆነ አትቀምሳትም።»