በእህል መጋዘን ውስጥ የተጠራ አውጫጭኝ

መካነ ሰላም ላይ ያሰሩን ቤት ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን ነበር። ከማስተምርበት ክፍል ጠመኔ እንደያዝኩ ወስደውኝ በሩን ሲከፍቱት የገብሱ አቧራ አስነጠሰኝ። ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው «ይማርህ» አለኝ። «ያኑርህ» አልኩ። እስሬ በዚህ ጨዋነት ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ ስላሉት ወራት ብዙ የምናገረው የለኝም። ሰው ሲገረፍ እሰማለሁ፤ ጩኸቱ ሲቆም ቅማሌን መልቀም እቀጥላለሁ። ፍርሃቱ እንኳ ሰልችቶኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ ካድሬ አስጠራኝ። ተማሪዎችን ትያትር አሠራ እንደነበር ሰምቷል። ለአብዮት በዓል እስረኞች ስለ እህል ደባቂዎች ትያትር እንዲያሳዩ ፈልጎ ደብተርና እርሳስ ሰጠኝ።

እኔ ድርሰት ብቻዬን ጽፌ አላውቅም። ሰዎቹን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደርግና አንድ ነገር አስጀምሬ ከአፋቸው የወጣውን እለቅማለሁ። ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ተበዳዩ በዳይ ይሆናል፤ ገጸ ባሕርይው ከዚያ ይወለዳል። ለዚህኛው አውጫጭኝ እንጫወት አልኩ። ያገራችን ሰው ሌባው አልታወቅ ሲለው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ እያንዳንዱን በመሐላ የሚመረምርበት ሸንጎ ነው። አብረውን የታሰሩ አንድ ቄስ ዳኛ ሆኑ።

እህል ደባቂውን እንዲሆኑ የመረጥኩት አያን ነው። አያ የምንላቸው ሽማግሌ ገበሬ እውነትም የታሰሩት እህል ቀበሩ ተብለው ነበር። በድርቁ ሁለት ልጆች ሞተውባቸዋል፤ የቀረችው አንዲት ሴት ልጅ ከነልጆቿ በዚያ እህል እንደምትኖር ሁላችንም እንጠረጥራለን። ሁለት ወር ሙሉ ሲገረፉ «አላውቅም» እንኳ አላሉም፤ ዝም ነው ያሉት። ለሚያውቁት ነገር አይቸገሩም ብዬ ነበር። እንዲህ ያልኩ ጅል ነኝ።

ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉ። አያ ተሳለሙት።

«ያወቅሁትን ብሸሽግ ዘሬ ይጥፋ» አሉ።

«እህሉ የት ነው?»

«ከልጄ ቤት ጓሮ፣ ከወይራው ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ።»

ጥሩ ቃል ተገኘ ብዬ ቶሎ ጻፍኩት። ቀና ስል የአያ ፊት አመድ መስሏል። ያኔ ገባኝ። ካድሬዎቹ ገርፈዋል እንጂ አስምለው አያውቁም፤ መሐላ ኋላ ቀርነት ነው ይሉ ነበር። ለአያ ደግሞ በጨዋታ የተማለ መሐላ የሚባል ነገር የለም። ጅራፍ ያላወጣውን እኔ አወጣሁት።

በር ላይ የነበረው ዘብ ሰምቶ ኖሮ ካድሬውን ይዞ መጣ።

«ሰውዬው ምን አለ?»

«ድርሰት ነው፣ ጓድ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።» ደብተሩን አሳየሁት።

አነበበው። «እንግዲያው ከመጀመሪያው አሳዩኝ» አለ።

አያ ብድግ አሉ። ደግመው ከማሉ እውነቱን ደግመው እንደሚናገሩ፣ ካድሬውም ፊታቸውን አይቶ እንደሚያውቅ አልጠፋኝም። ቄሱም ገብቷቸዋል፤ መስቀሉን የያዘው እጃቸው አልነሳ አላቸው።

«አሠራራችን ቦታ መለዋወጥ ነው» አልኩና አያን በትከሻቸው ይዤ አስቀመጥኳቸው። በቦታቸው ቆሜ መስቀሉን ተሳለምኩ። ዘሬ ይጥፋ አልኩ። ከዚያም የሌለችኝን ልጅ፣ ጓሮዋን፣ ወይራውን፣ ጉድጓዱን ደረቴን እየደቃሁ፣ እንደ ገበያ ሰካራም እየጮህኩ ተናገርኩ። ካድሬው ሳቀ።

«እህል ደባቂ እንዲህ ከሲታ አይሆንም፤ ሆድህ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቅበት» ብሎኝ ወጣ።

ቄሱ ወደኔ ጠጋ አሉ። «በመስቀል ፊት በሐሰት ምለሃል። ሰባት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለህ» አሉኝ።

አያ ከጥግ ተናገሩ። «መምህሩ የማለው በኔ ምክንያት ነው። ጦሙ የኔ ነው።»

«አያ፣ እርስዎ አቅም የለዎትም» አልኩ።

«አብሽር ልጄ። መራብ ለምጃለሁ።»

ሰባቱንም ቀን ጾሙ። የጠዋት ቂጣቸውን ለኔ ይሰጡኛል፤ አልበላም ስል ይቆጣሉ። በአምስተኛው ቀን ልጃቸው አዲስ ስንቅ አመጣች። ቂጣውን ስቆርሰው ያ ከመሬት ውስጥ የወጣ እህል የሚለቀው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጉድጓዱን አላገኙትም ማለት ነው። አያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ዝም ብዬ አላመጥኩ።

ዛሬም ወጣቶችን ትያትር አሠራለሁ፤ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። መሐላ ግን አላስገባም። እኔም ልጅ ሳልወልድ ሸመገልኩ። ከመሐላው ነው ብዬ አላምንም፤ የተማርኩ ሰው ነኝ። ለአያ ግን ከተፈታን በኋላ፣ በሕይወት እስከነበሩ ድረስ፣ የልጅ ልጆቻቸው እንዲያነቡላቸው በጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ፣ ልጆቼ ደህና ናቸው፣ እጅ ይነሱዎታል እል ነበር።