አብሺር የወሰደው ግንብ

በዛብህ ከባቡር ድርጅቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ የፈረንሳይ ግንብ በእንጨት ይሠራ ነበር። የጥንት መኳንንት በጦርነት ዘመን የሚከተቱበት፣ ማማና ተነሺ ድልድይ ያለው ዓይነት ግንብ ነው። ሥዕሉን ያየው አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ትቶት በሄደ ወፍራም መጽሐፍ ላይ ነው። ጽሑፉን ግን ማንበብ አይችልም፤ የሚያነብለት የልጅነት ጓደኛው አብሺር ነበር። አብሺር ፈረንሳይኛን እንደ ሶማልኛው ነው የሚናገረው።

ሙቀቱ በረድ ሲል በዛብህ እየላገ፣ አብሺር ያነብለታል። የመጀመሪያዎቹ ግንቦች በአፈር ቁልል ላይ የቆሙ የእንጨት ማማዎች ነበሩ፤ እሳት ሲያስቸግር በድንጋይ ተተኩ። ባለ አራት ማዕዘኑን ማማ ደግሞ ጠላት ጥጉን ከሥር እየቆፈረ ሲንደው፣ ኋላ ላይ ክብ አድርገው መገንባት ጀመሩ። ይህን የሰማ ዕለት በዛብህ ያቆማቸውን ማማዎች ነቃቅሎ እንደገና ክብ አድርጎ ሠራቸው።

"አቦ፣ አንተን ማን ሊወጋህ ነው?" ብሎ አብሺር ሳቀበት።

ግንቡ ባለቀ ሰሞን ከተማው ውስጥ የእጅ ሥራ ዐውደ ርእይ ተዘጋጀ። በዛብህ የደንጊ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ስለነበር አብሺር "እኔ አደርስልሃለሁ" አለው። የበዛብህ ሚስት ጥሩወርቅ ግንቡን በአንሶላ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ አስጫነችው።

ትኩሳቱ ሲለቀው በዛብህ እያዘገመ ወደ አዳራሹ ሄደ። ሰው ግንቡን ከቦታል። አብሺር መሐል ቆሞ፣ "ማማዎቹን ሁለቴ ነው የሠራኋቸው። መጀመሪያ ባለ ማዕዘን ነበሩ፤ ነቀልኳቸው" ሲል ሰማው። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አብሺር ወሬውን አላቋረጠም።

ብዙም ሳይቆይ የዐውደ ርእዩ አዘጋጆች በግንቡ ተደንቀው፣ አብሺር ፈረንሳይ ሄዶ ግንቦችን እንዲጎበኝ እንደመረጡት ተሰማ። በዛብህ አብሺር ቤት ድረስ ሄደ።

"ስሜን ለምን አልጠራህም?"

"የሚፈልጉት ቋንቋ የሚችል ሰው ነው። ወላሂ፣ ሁለታችንም ከምንቀር ብዬ ነው።"

"ብትለምነኝ 'ሂድ' እልህ ነበር። አንተ ግን የእጄን ሥራ ካድከኝ።"

አብሺር አንገቱን ደፋ።

ከጉዞው ሲመለስ ቸኮሌት ይዞ መጣ። ጥሩወርቅ ከበሩ ልትመልሰው ስትል በዛብህ "አስገቢው" አላት። ቂሙ አልለቀቀውም፤ ጉጉቱ ግን በለጠበት።

"ግንቡ ውስጥ ገባህ?"

"ገብቻለሁ።"

"ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው?"

"እሱን እንኳ ልብ አላልኩም። እያጣደፉ ነው ያስጎበኙን።" ስልኩን ዘረጋለት። ፎቶዎቹን ሁሉ የአብሺር ፊት ሞልቷቸዋል፤ ግንቡ ከትከሻው በላይ በቁራጭ በቁራጭ ብቻ ይታያል።

በዛብህ ስልኩን መለሰለት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሰማው ይልቅ ይኼ አንገበገበው፤ ሰውየው የእሱን ዕድል ወስዶ ሄዶ፣ ሳያይ መመለሱ።

"ሻይህን ጠጣና ሂድ" አለው።

ዛሬ ዛሬ ለቅሶ ቤት ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። ከዚያ በዛብህ ተነስቶ ሌላ ወንበር ይፈልጋል።