የዙሉው ንጉሥና የአጎቴ ልጅ

ዛሬም ቡታጅራ ገበያ ቆዳ ተራ በኩል ሳልፍ፣ ጨው የተነሰነሰበት እርጥብ ቆዳ ሲሸተኝ እፍረቱ ፊቴን ያግለዋል። በጃንሆይ የመጨረሻ ዘመን የታሪክ አስተማሪያችን የአንድ የዙሉ ንጉሥ ታሪክ በቴአትር ሊያሳዩ ሲነሱ፣ ጋሻችንን የሠራነው ከእንዲህ ያለ ቆዳ ነበር። ንጉሡ እኔ ሆንኩ። ለዙፋኑ ሲል ወንዝ ዳር የሚያስገድለው ወንድሙ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ሆነ።

አስተማሪው ከጎጃም በቅርብ የመጡ ናቸው፤ አባቴና አጎቴ በአያቴ የእንሰት ማሳ ተጣልተው ሰላምታ እንኳ ማቋረጣቸውን አያውቁም። እኛም አልነገርናቸውም፤ መጫወቱን በጣም ፈልገነዋል።

የወላጆች ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሞላ። አባቴ በአንዱ ጫፍ፣ አጎቴ በሌላው ጫፍ ተቀምጠዋል። ከበሮው ተመታ፣ አቧራው ተነሳ። የሸምበቆ ጦሬን ስሰብቅ የአጎቴ ልጅ ወደቀ።

"አገሩ የኔ ብቻ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ወላሂ፣ ቁርጥ አባቱን!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ቆቡን ወደ ግንባሩ ስቦ እግሩን ያያል። አጎቴ ጋቢውን አራግፎ ወጣ። ቃሌ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። መሬት ላይ "ሞቶ" የተኛው የአጎቴ ልጅ ነው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "እንግሊዞች መጡ በል" ብሎ ያንሾካሾከልኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ፣

"ያ ንጉሥ ኋላ ምን ሆነ?" አለኝ።

"እንግሊዞችን አንዴ ድል አደረገ። በኋላ ግን ማርከው ባሕር አሻገሩት። ሲመልሱት አገሩን ቆራርሰው ለሌላ ሰጥተው ነበር። የገዛ ዘመዶቹ ከተማውን አቃጠሉበት፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።"

"ወንድሙ ቢኖርለት..." አለና ተወው።

ወደ ቤታችን አልታጠፈም። በአጎቴ አጥር በር ላይ ቆሞ፣ "አሰላሙ አለይኩም" አለ። ከውስጥ የአጎቴ ሳል ተሰማ እንጂ መልስ አልመጣም። ደገመ። ጎረቤት ቆሞ ያየናል፤ እኔ መሬቱን አያለሁ።

"እንሂድ" አለኝ።

ስንዞር ከእንሰቱ መሃል የአጎቴ ልጅ ብቅ አለ፣ ለቴአትሩ የተቀባው ጭቃ ፊቱ ላይ እንደደረቀ።

"ወአለይኩሙ ሰላም፣ አጎቴ" አለ ዝግ ብሎ።

አባቴ እጁን በአጎቴ ልጅ ራስ ላይ አኖረና ለረጅም ጊዜ አላነሳውም። የተዘጋውን በር ግን ሦስታችንም ቀና ብለን ማየት አልቻልንም።