የጋዙ ምድጃና የጾሙ ወተት

አንድ ወረቀት እውነቱን እንዲናገር ብዬ እህቴ መንፈቅ ሙሉ ጭስ እንድትጠጣ ማድረግ ይገባኝ ነበር? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ባደረግሁት ግን አልጸጸትም። ሁለቱ አንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ በእኔ አይቼዋለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ቁመታቸው ከወገቤ አያልፍም ነበር። «እትዬ» የምላት ታላቅ እህቴ «አንቺ ሂጂ፤ እንጨቱንም ጓዳውንም እኔ እችለዋለሁ» ብላ ቤት ቀረች። እኔ ፊደል ቆጠርኩ፣ ቆይቶም ዲግሪ ያዝኩ፤ ቢቸና በሚገኝ አንድ የፕሮጀክት ቢሮ ሰነድ አጣሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። እሷ ሞጣ አገባች። እዚያ በአንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ምሳ ታበስላለች፤ በእንጨት፣ ቆርቆሮው በጥቀርሻ በጠቆረ ማድ ቤት።

ፕሮጀክታችን በውጭ ገንዘብ የሚሠራ ነው። በሁለቱ ከተሞች ላሉ የትምህርት ቤት ማድ ቤቶች በሲሊንደር የሚመጣ ጋዝ የሚያነድ ምድጃ ሊያስገባ ነበር። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ። አንደኛው «ዘላቂ» ይላል፣ ተፈጥሮን የማይጎዳና የማያልቅ ማለት ነው፤ እሱ ላይ ምልክት ከተደረገ ሰነዱ በቀጥታ ያልፋል። ሁለተኛው «መሸጋገሪያ» ይላል፤ እሱ ከተመረጠ ጋዙ መቼ እንደሚቀርና ምን እንደሚተካው ተጽፎ ኮሚቴ እንደገና ያየዋል። ከታች የአጣሪዋ ፊርማ አለ።

ኃላፊያችን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ አማርኛችንን የለመደ ቀልድ አዋቂ ሰው ነው።

«ዘላቂ በይውና ፈርሚ» አለኝ።

«ጋዝ ዘላቂ አይደለም።»

«ከእንጨት አይሻልም?»

«ይሻላል።»

«በቃ፣ ታዲያ!»

«መሻል ሌላ፣ መዝለቅ ሌላ።»

ከት ብሎ ሳቀ። «እናንተ የቅኔ አገር ሰዎች፣ ሰም ከወርቅ ካልለያችሁ እህል አይወርድላችሁም መሰለኝ! አውሮፓ እንኳ ጋዝንም ኒውክሌርንም በአረንጓዴ ኃይል መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። አንቺ ከአውሮፓ ትበልጫለሽ?»

ያን ቀን ቅጹን ሳልፈርም ይዤው ወጣሁ። የተሸነፍኩ ሳይመስለው አልቀረም፤ የማነበው ስላለኝ ነበር። አነበብኩ። ለካ እነሱም ያስገቡት መሸጋገሪያ ብለው፣ ቅድመ ሁኔታ ደርድረው ነው፤ እርስ በርሳቸውም ገና ይነታረካሉ። ስለ ኒውክሌር ባነበብኩ ቁጥር እወላውላለሁ። ጭስ የለውም፤ ከጋዙ ይልቅ ልቤ ወደ እሱ ያደላል። ግን ለሺህ ዓመታት መርዝ ሆኖ የሚቆየውን አመዱን የሚጠብቀው ገና ያልተወለደ ሰው ነው፤ እሱን ማን አስፈቀደው? በጋዙ ላይ ግን አልወላወልኩም። ከመሬት ይወጣል፣ ይነዳል፣ አይተካም፤ የነደደውም ሰማይ ላይ ይከማቻል።

ያጸናኝ ግን ያነበብኩት አልነበረም። ልጅ ሳለሁ እናታችን በሁዳዴ ታመመች። የነፍስ አባታችን መጥተው ወተት እንድትጠጣ ፈቀዱላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጠጣች። እኔ ያን ጊዜም ነገር አልተውም ነበርና «አባ፣ ወተት የጾም ሆነ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እትዬ ቆነጠጠችኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«አልሆነም ልጄ። ወተት ወተት ነው። ለሕመሟ ተፈቀደላት፤ ስትድን ወደ ጾሟ ትመለሳለች» አሉኝ።

ጋዝ ለእኛ ያ ወተት ነው። ይፈቀድ፤ እኔም እፈቅዳለሁ። የጾም ምግብ ተብሎ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ግን የዳነውም ይጠጣዋል፤ ወደ ጾሙ የሚመለስ አይኖርም። ለፀሐይና ለውኃ ኃይል የታሰበው ገንዘብም ወደዚያው ይፈሳል። ይህን ለማየት አውሮፓን መብለጥ አያስፈልግም።

«መሸጋገሪያ» ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

«ይመለሳል እኮ!» አለ ኃላፊው።

«ይመለስ።»

«እዚያ በጭስ የሚያለቅሱት ሴቶችስ?»

አንዷ እህቴ መሆኗን አያውቅም ነበር። እኔም አልነገርኩትም።

ሰነዱ ተመለሰ። የጎደለውን ራሴ ጻፍኩት፤ ኮሚቴው እስኪያየው ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አለቀ። ግንቦት ላይ ዝናቡ ቀድሞ ገባና እንጨቱ ራሰ። ሞጣ በሄድኩ ቁጥር እትዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ምድጃው የት ደረሰ? አንቺ ከዚያው ቢሮ አይደለሽም እንዴ?» ትለኝ ነበር።

«ኮሚቴ ላይ ነው» እላታለሁ። ወደ ኮሚቴ የላከው ማን እንደሆነ ግን አልነግራትም። ለአንድ ሣጥን ያን ያህል የተሟገትኩ ሴት፣ ለገዛ እህቴ የእውነቱን ግማሽ ብቻ ነበር የማቀርብላት።

ምድጃው መስከረም ላይ ገባ። በጥቅምት ሄጄ ማድ ቤቱ ስገባ እትዬ ጋዙን እየከፈተች እየዘጋች አሳየችኝ።

«እይ፣ ሰማያዊ ነው! ጥቀርሻ የለ፣ እፍ ማለት የለ!»

ቀኝ ዓይኗ ግን አሁንም ቀልቶ ያነባ ነበር። ያኔ ነገርኳት፤ ሣጥኑን፣ ፊርማዬን፣ የእናታችንን ወተት፣ ሁሉንም።

ጋዙን ዘጋችው።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ፈረንጆቹ መስለውኝ ስረግማቸው ከረምኩ።»

«እርግማኑ የኔ ነው እትዬ።»

ዓይኗን ጠረገች። «አባ እኮ ለእማ ወተቱን ያኔውኑ ነው የፈቀዱላት፣ የኔ መሪጌታ። ክርክሩ እስኪያልቅ ጠብቂ አላሏትም።»

ወደ ጠፋው ምድጃ አየሁ።

«ነገ ቅጹ እንደገና ቢመጣስ? ዘላቂ ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ?» አለችኝ።

«አልፈርምም» አልኩ።

ከዚያ ያልተለቀመ ምስር የሞላ ሰፌድ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

«ልቀሚ እንግዲህ» አለች። «ድንጋይ ከምስር መለየት ከሆነ ማን ይችልሻል። ግን ቶሎ በይ፤ ልጆቹ ርቧቸዋል።»