ያላንኳኳሁት ግንብ ስር አላድርም

ሳውዝ ሲ፣ ጎህ ሲቀድ

እኔ እናገራለሁ፣ የልጄ ልጅ ሊያ ትጽፋለች። ልጄ ዳዊት እዚህ ሰው አገር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ኪቴንጌላ በሚባል ቦታ የድንጋይ ቤት እያሠራ ነው። "እማዬ፣ እኛው ጋ ቅሪ፤ ጎንደር ማን አለሽ?" ይለኛል በየቀኑ። "ያላንኳኳሁት ግንብ ስር አላድርም" አልኩት። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግንበኛ ነበር። ድንጋዩን ሳይገነባው በፊት በመዶሻ መታ ያደርገው ነበር፤ እንደ ደወል ከጮኸ ደህና ነው፣ ዱብ ካለ ውስጡ ተሰንጥቋል፣ ይጣላል። የሱን መዶሻ ይዤ ከሊያ ጋር ወጣሁ። ዳዊት ቀድሞን ሄዷል።

ሞምባሳ መንገድ፣ ሁለት ሰዓት

ታክሲውን ማታቱ ይሉታል። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ረዳቱ ከነጠላዬ ስር መዶሻውን አየና "ሾሾ፣ ልትዘርፊን ነው?" አለ። ሾሾ አያቴ ማለት ነው አለችኝ ሊያ። "ሙዚቃውን ካልቀነስክ ካንተ ጭንቅላት እጀምራለሁ በይው" አልኳት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሙዚቃውም ቀነሰ።

አቲ ሪቨር የምትባል ከተማ ስንደርስ የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት ገዛን፣ ሎሚና በርበሬ የታሸ፣ ሃያ ሽልንግ። ጥርስ ላለው ግሩም ነው። እኔ ሎሚውን መጠጥኩ።

ኪቴንጌላ፣ ረፋድ

ድንጋዩ ትናንት ነው ከሚቆፈርበት ካባ የመጣው። ግራጫ ነው፣ እንደ ሳሙና እኩል እኩል ተቆርጧል። መታሁት። ዱብ! ሌላውንም፣ ዱብ! ሃያ ያህል ስመታ አንድም የሚጮህ የለ።

"ዳዊት! ይሄ ሁሉ ይመለስ!"

ልጄ ፊቱ ጠቆረ። ፉንዲው፣ ግንበኛውን ነው እንዲህ የሚሉት፣ ካማው የሚባል ሽበታም፣ ሆዱን ይዞ በሳቅ ይንፈራፈራል።

"እማማ፣ እየሳቀብሽ ነው" አለች ሊያ። "ገና እርጥብ ነው ይላል። ከመሬት ሲወጣ እንደ አይብ ነው፣ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ነው የሚጠነክረው።"

"ድንጋይም ይበስላል እንዴ?" የኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ሲወለድም ብረት ነው!

ካማው እጄን ይዞ ጥግ ወዳለ ክምር ወሰደኝ፤ አምና የመጣ ነው። መታሁት። ጮኸ! አይ ደስታዬ!

"በዚህ ጀምሩ፣ እርጥቡ ፀሐይ ይሙቅ" አልኩ።

"እኔም ይህንኑ ብዬው ነበር፣ ልጅሽ ነው የቸኮለው" አለ ካማው በሊያ በኩል።

ዳዊት አንገቱን ደፋ። "ቤቱ ሳያልቅ ትሄጅብኛለሽ ብዬ ነው።"

ሳውዝ ሲ፣ ማምሻውን

ሦስታችንም አቧራ ለብሰን ተመለስን።

"እማዬ፣ መዶሻው የታለ?" አለኝ ዳዊት።

"ካማው ጋ ተውኩት። እርጥቡ እስኪደርቅ እየሄድኩ ማንኳኳቴ አይቀር፤ በየጊዜው ማን ተሸክሞት ይመላለሳል?"