በቃሌ ወረቀት ላይ ያረምኩት ስህተት

የተያዝኩት መሳለሚያ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን እያባዛሁ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ወረቀቱን አገላበጡ፤ «ሌዘር» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበሩት ወራት ለመታሰር ከዚያ ያነሰም ይበቃ ነበር።

ለአራት ሰው በተሠራች ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሆነን በጎን ተደርድረን እንተኛለን። አዲስ ገቢ ቦታው ከሽንት ባልዲው አጠገብ ነው፤ ጉዳዩንም ለሁሉም ያስረዳል። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ።

«በምን መጣህ ልጄ?» አሉኝ።

«በአቶም ነው ጋሼ። አንዲት አቶም ኤሌክትሮኗን ቀምተን በኤሌክትሪክ መስክ እናስራታለን። መንቀጥቀጧን በሌዘር ብርሃን ጥቂት በጥቂት እየወሰድንባት እናቀዘቅዛታለን፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ እስክትደርስ።»

«ከዚያ ቀጥ ትላለች?»

«አትልም። እዚያም ትንሽ ንዝረት ይቀራታል። እሱን ማንም አይወስድባትም።»

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «እስረኛ ማለት እሷ ናት!»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ቃሌን ራሱ ጽፎ ጠበቀኝ። «ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» አለኝ። አነበብኩት። «ማንኛውንም ነገር ሙሉ በሙሉ የሚያስቆም የሌዘር መሣሪያ ማዘጋጀቴን አምናለሁ» ይላል። እናቴ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስለ እኔ ስትጸልይ እንደምትውል አውቃለሁ። ቤቴ መግባት እፈልግ ነበር፤ ፈርቼም ነበር። እስክሪብቶውን ስቀበል እጄ ይንቀጠቀጣል።

«ሙሉ በሙሉ የሚያስቆም» የሚለውን ሰረዝኩ። ከላዩ «አይቆምም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ የቀሪውን ንዝረት ቀመር አስቀመጥኩ። የፊርማውን ቦታ ባዶ ተውኩት።

«ምንድነው ይሄ?»

«እርማት ነው። ስህተት ላይ አልፈርምም።»

ጥፊው ጆሮዬን ለሁለት ቀን አደነቆረው። እስሩም ሰባት ወር ሆነ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ጋሼ «ፈረምክ?» አሉኝ። «አረምኩት» አልኳቸው። ፍራሼን ከባልዲው አጠገብ አንስተው ከራሳቸው ጎን አነጠፉልኝ።

ዛሬ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አቶም ስለማቀዝቀዝ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሁሌ አንድ ተማሪ «ጨርሶ የምትቆምበት መንገድ የለም?» ይለኛል። «የለም» እላለሁ። ጠመኔ የያዘው እጄ አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ አልደብቀውም።