አስተያየት የለም

ዝናሽ ፎቶ ማንሳቱን በሳምንት ለመደችው፤ ዋጋ መጥራቱን ግን ወር ሙሉ አልቻለችም። ሰው ፊት ቆማ «መቶ ብር» ማለት ሰውየውን እንደ መሳደብ ይሆንባታል። ሁለት ክረምት ኮኪት እርሻ ላይ ሰሊጥ ስታርም ወባ ደጋግሞ ጥሏት፣ ሐኪሙ ሦስተኛውን እንዳትሞክሪው ብሏት ነበር። ባላት ጥሪት አሮጌ ካሜራና አንዲት ማተሚያ ገዝታ፣ ሸሕዲ ከተማ ሐጂ ሽኩር ሱቅ በረንዳ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ሰቀለች። ይህ ካልሆነላት ያላት አንድ መንገድ ነው፤ ወደ እርሻው ተመልሶ መሞት።

ደንበኞቿ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች ናቸው፤ አገሬው ሳሉግ ይላቸዋል። ኬላ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ መታወቂያ ደግሞ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል። ሁሉም ታዲያ የሚናገሩት አንድ ነው፦ «እታለም፣ አስተያየት አድርጊልኝ።» እሷም ታደርጋለች። መቶ ያለችውን ሰባ፣ ሰባ ያለችውን አርባ ስትል ከርማ፣ ቀለሙ ሲያልቅ መግዣ አጣች። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«አንቺ ልጅ፣ ንግድ ነው ወይስ ምጽዋት?» አሏት ሐጂ ሽኩር ከሱቃቸው ወጥተው።

«ምን ላድርግ ሐጂ፣ እኔም ትናንት እንደነሱ ነበርኩ እኮ። ሲለምኑኝ አንጀቴ አይችልም።»

«እንግዲያው አንጀትሽን ይዘሽ ኮኪት ተመለሽ። አለዚያ የቀለሙን እኔ አበድርሻለሁ። ዋጋሽን ጻፊና ከዚያ እንዳትወርጂ፣ ኸላስ፣ አለቀ!»

ካርቶን ላይ ጻፈች፦ አራት ጉርድ መቶ ብር፣ አንድ ሙሉ ቁመት ሁለት መቶ ብር። ከሥሩም በትልቁ፦ አስተያየት የለም።

በማግስቱ ምንይችል የሚባል የጎጃም ሰው መጣ። ጉርድ ተነሥቶ ከፈለና እንደ መሄድ ብሎ ቆም አለ።

«እታለም፣ አንድ ሙሉ ቁመት እፈልግ ነበር፣ ለናቴ። ካየችኝ ስድስት ዓመቷ ነው። የቀረኝ ግን መቶ ሃምሳ ነው፤ አስተያየት ብታደርጊልኝ።»

እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ሐጂ ሽኩር ከውስጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዋጋው አንድ ነው» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

«ግድ የለም፣ ከአጨዳው ስመለስ እነሣለሁ» አለና ፈገግ ብሎ ሄደ። ያን ዕለት በራሷ ኮራች። እግዜር ይቅር ይበላት፣ ኮራች።

በሃያኛው ቀን ሦስት ሳሉጎች መጡ። በዕድሜ የሚበልጠው፣ ደምለው የሚባለው፣ ከመሀረብ ውስጥ አንድ መታወቂያ ፈትቶ ሰጣት።

«ወባ ነው፤ ሦስት ቀን አላቆየውም። እዚያው ቀበርነው። እናቱ ለቅሶ ላይ የምትይዘው ፎቶ እንኳ የላትም። የቀረችን ይች ጉርድ ናት፤ አሳድጊልን።»

ጉርዷን አወቀቻት። ምንይችል ነው። ዋናውን ምስል አጥፍታዋለች፤ የካሜራዋ ሜሞሪ ትንሽ ስለሆነ በየቀኑ ታጠፋለች። ሰዎቹም ካሜራ ያለው ስልክ አልነበራቸውም። መታወቂያውን ራሱን ፎቶ አንሥታ አሳደገችው። ባሳደገችው ቁጥር ፊቱ እየፈረሰ ሄደ። ዓይኑ ደበዘዘ፣ አፉ ጠፋ፣ አገጩ ላይ ያረፈው የማኅተም ቀለም ብቻ ጎልቶ ወጣ። ያ ፈገግታው የትም የለም። ደግማ አተመችው፤ ያው ነው። እናትየው ደረቷን እየመታች የምታቅፈው ይህን ነው።

ደምለው ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ አየው። ቀጥሎ ካርቶኑን አነበበና አንገቱን ደፋ።

«ስንት ነው፣ እታለም? አስተያየት የለም ይላል፤ ያለን ግን መቶ ሃምሳ ነው። የቀረው የመንገዳችን ነው» ብሎ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ዝናሽ ብራችሁን ውሰዱት ልትል ፈለገች፤ አልቻለችም። ብሩን እያየች ዝም አለች።

ዝም ያለችው ብሩ አንሷት መሰላቸው። ከኋላ የቆመው ሰው ኪሱን ዳበሰና ሃምሳ ብር ጨመረበት።